የታችኛው ክር ሲያስቸግር፦ ለጀማሪ ልብስ ሰፊዎች የቦቢን ችግሮችን ደረጃ በደረጃ መፈተሽና መፍታት

ጳጉሜን ሲገባ አዳማ ላይ ልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የዩኒፎርም ጨርቅ በየበረንዳው ተቆልሏል፤ እናቶች «ለመቼ ይደርሳል?» እያሉ ይመላለሳሉ። እንዲህ ባለ ሰሞን ነበር ጎረቤቴ የሆነች፣ ስፌት ከጀመረች ገና ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ የቦቢን ቤቷን፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ትንሽ መጠቅለያ (ቦቢን) የሚቀመጥበትን ቤት፣ በመዳፏ ይዛ የመጣችው። «እትዬ፣ ቦቢኑ ተበላሸብኝ። ከሥር ክሩ ይከመራል። ብሎኑን ባጠብቀውም ባላላውም ያው ነው» አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስታጠብቅና ስታላላ ቆይታ የብሎኑ አናት ተበልቶ ነበር።

አብሬያት ሄጄ መኪናውን አየሁት። ቦቢኑ ምንም አልሆነም። የላይኛው ክር እሱን ጨብጠው በሚይዙት በሁለቱ ትናንሽ የማጥበቂያ ሳህኖች መካከል መግባት ሲገባው ከላያቸው ተንሳፍፎ ነበር የሚያልፈው። እግሩን፣ ማለትም ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን ብረት፣ አንስቼ ክሩን መዝዤ እንደገና አስገባሁት። የመጀመሪያው የቀሚስ ጠርዝ ያለ አንድ ቋጠሮ አለቀ። ልጅቷ ግን ለሁለት ቀን እንጀራዋን አጥታ ነበር፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

ከታች የሚታየው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተሠራ ነው። ጀማሪ ግን ክሩ የተከመረበትን ቦታ አይቶ በቀጥታ ወደ ቦቢን ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ያለችው ብቸኛ የምትዞር ነገር ደግሞ ያቺ ትንሽ ብሎን ናት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ብሎኗን መጨረሻ ላይ ያደርጋታል። ቅደም ተከተሉን ሳይዘሉ ቢከተሉ አብዛኛው ችግር ብሎኗ ጋ ሳይደርሱ ያልቃል።

መጀመሪያ ስፌቱ እንዴት እንደሚያያዝ በዓይን ማየት

የእግር መኪናም ይኑርዎት የኤሌክትሪክ፣ ይህን አንድ ጊዜ ያድርጉት። የቦቢኑን ክዳን ይክፈቱ፤ የስልክዎን መብራት ወደ ውስጥ ያብሩ፤ ጨርቅ ሳያስገቡ በቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጅዎ ወደ ራስዎ ቀስ እያሉ ያዙሩት። የላይኛውን ክር ጫፍ በግራ እጅዎ ያዝ አድርጉት።

መርፌው ክሩን ይዞ እስከ ታች ይወርዳል። ከታች ደርሶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ክሩ አብሮት ለመውጣት ይዘገይና ከመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ያብጣል። በዚያች ቅጽበት በቦቢኑ ዙሪያ የሚሽከረከረው መንጠቆ ሹል ጫፍ ይመጣና ቀለበቱን ይወስደዋል። ቀለበቱ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ቦቢኑን ከነቤቱ ሙሉ በሙሉ ይዞረዋል፤ አዎ፣ የላይኛው ክር በየስፌቱ ቦቢኑን ዙሪያውን አቅፎ ያልፋል። ከዚያ ከላይ የሚወርደውና የሚወጣው ክር ሳቢ ክንድ ወደ ላይ ሲመዘዝ ትርፉን ክር ስቦ ቋጠሮውን ጨርቁ መሐል ላይ ያጠብቀዋል።

እንግዲህ ያስቡት። የላይኛው ክር በማጥበቂያው ካልተያዘ፣ ወይም ከክር ሳቢው ክንድ ቀዳዳ ወጥቶ ከሆነ፣ ያ ሁሉ የሰፋ ቀለበት ወደ ላይ የሚስበው አጥቶ እታች ይቀራል። አሥር ስፌት ሲሰፉ አሥር ቀለበት፣ ሃያ ሲሰፉ ሃያ። ከጨርቁ ሥር የወፍ ጎጆ መስሎ የሚከመረው እሱ ነው። ቀለሙን ብታዩት የላይኛው ክር ቀለም ነው።

ሁለት ክሮችን በዚህ መልክ የሚያቆላልፈው መኪና የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1846 በአሜሪካዊው ኤልያስ ሃው ስም ነው። ስሙ በእኛ ዘንድ ለመኪናው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ የቀረው አይዛክ ሲንገር የራሱን ያስመዘገበው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1851 ነበር። አያቶቻችን «ሲንጀር» ብለው የሚጠሩት ጥቁሩ የብረት መኪናም ሆነ ዛሬ በካርቶን የሚመጣው ነጩ ፕላስቲክ መኪና በዚህ አሠራር አንድ ናቸው። ስለዚህ የሚከተለው ለሁለቱም ይሠራል፤ የሚለዩበት ቦታ ላይ እነግርዎታለሁ።

ለፍተሻው የሚያስፈልገው

ሁለት ድርብ አቡጀዴ፣ ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው ክሮች፣ አዲስ መርፌ፣ ትንሽ ብሩሽ፣ ቀጭን ካቻቪቴና የስፌት መኪና ዘይት። የደንበኛን ጨርቅ ለሙከራ አይጠቀሙ። ሁለቱ ቀለሞች ግዴታ ናቸው፤ ከላይ ቀይ ከታች ሰማያዊ ካደረጉ ጥፋተኛው የትኛው ክር እንደሆነ ጨርቁ ራሱ ይናገራል። ላይም ታችም ነጭ ክር አድርጎ ጥፋት መፈለግ ዓይን ማድከም ነው።

የተያዘውን ጨርቅ ማላቀቅ

ክሩ ተከምሮ ጨርቁ ሲያዝ የመጀመሪያው ስሜት ጎትቶ ማውጣት ነው። አይጎትቱ። መርፌው ይጎብጣል፤ የጎበጠ መርፌ ደግሞ በሚቀጥለው ምት ከጨርቁ ሥር ያለውን የብረት ሰሌዳ ወይም መንጠቆውን ይመታና አንድ የነበረውን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

የኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱን ይንቀሉ። መዘውሩን በእጅ በመጠኑ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ መርፌውን ወደ ላይ ያውጡ። እግሩን ያንሱ። ጨርቁን ጥቂት ከፍ አድርገው በጨርቁና በሰሌዳው መካከል መቀስ አስገብተው የተከመረውን ክር ይቁረጡ። ጨርቁ ሲለቅ የቦቢኑን ቤት አውጥተው ውስጥ የቀረውን ቁራጭ ክር በሙሉ ይልቀሙ። ከመንጠቆው ጀርባ የተደበቀች የሁለት ሣንቲ ሜትር ክር እንኳ ቀጣዩን ስፌት ታበላሻለች።

የላይኛውን ክር ከነሥሩ አውጥቶ እንደገና ማስገባት

«በትክክል አስገብቼዋለሁ» ብለው ቢያምኑም ያውጡትና እንደገና ያስገቡት። እኔ ራሴ ችግር ሲገጥመኝ ከዚህ ነው የምጀምረው።

በመጀመሪያ እግሩን ወደ ላይ ያንሱት። ይህች ትንሽ ነገር ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ ታሳስታለች። እግሩ ሲወርድ የማጥበቂያው ሳህኖች ይገጥማሉ፤ ሲነሣ ይከፈታሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ካስገቡ ክሩ በተዘጋ በር ላይ እንደ መተኛት ነው፤ መካከላቸው አይገባም። ከዚያ መዘውሩን ወደ ራስዎ አዙረው ክር ሳቢው ክንድ ከፍተኛው ቦታ ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ክሩን ከጥቅሉ ጀምሮ በየመንገዱ ያሳልፉ፤ ማጥበቂያው ጋ ሲደርሱ በሁለት እጅ ወጠር አድርገው ወደ ውስጥ ይሳቡት፤ ከክር ሳቢው ክንድ ቀዳዳ ማለፉን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ወደ መርፌው ይውረዱ።

አሁን ፈተናው። እግሩ ተነሥቶ ሳለ ከመርፌው ያለፈውን ክር ይሳቡት፤ ያለ ችግር መምጣት አለበት። እግሩን አውርደው እንደገና ይሳቡት፤ አሁን ክሩ መጠንከርና መርፌውን ጥቂት ማጉበጥ አለበት። ልዩነት ከሌለ ክሩ ማጥበቂያው ውስጥ አልገባም፤ ወይም በሳህኖቹ መካከል የክር ቁራጭ ተቀርቅሮ እንዳይገጥሙ ከልክሏቸዋል። እግሩን አንስተው ንጹሕ ጨርቅ በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ ያመላልሱበት።

የዚያች ጎረቤቴ መኪና ላይ ያደረግሁት ይኸው ብቻ ነው።

መርፌውን መለወጥ

መርፌ ርካሽ ነው፤ የሚያበላሸው ጨርቅ ግን ውድ ነው። ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ፣ ወይም አንድ ጊዜ ብረት ከነካ፣ ይለውጡት። ቁጥሩ ከጨርቁ ጋር ይስማማ፦ ለሽፎንና ለስስ ጨርቅ 70፣ ለፖፕሊንና ለተለመደው የጥጥ ጨርቅ 80፣ ለካኪና ለዩኒፎርም ጨርቅ 90፣ ለጂንስ 100።

አቀማመጡ ወሳኝ ነው። የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ነው፤ በሌላው ጎን ደግሞ ከላይ እስከ ቀዳዳው የሚወርድ ረጅም ቦይ አለው። ክሩ የሚገባው ቦዩ ካለበት ጎን ነው፤ ጠፍጣፋው ጎን ተቃራኒውን ይመለከታል። አብዛኞቹ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ይዞራል፤ በጥቁሮቹ የብረት መኪናዎች ላይ ግን ወደ ጎን ነው። መርፌው ተዛብቶ ከገባ ወይም እስከ ጣሪያው ካልተገፋ መንጠቆው ቀለበቱን ያጣዋል፤ ስፌት ይዘላል፤ የታችኛው ክርም አልያዝ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክን ጨምሮ በልብስ ፋብሪካዎች ሠርተው ቤታቸው መስፋት የጀመሩ ልጆች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ፤ የፋብሪካ መርፌ አናቱ ሙሉ ክብ ነው፤ ለቤት መኪና አይሆንም።

ቦቢኑ ራሱ

አሁን ወደ ታች መውረድ እንችላለን።

ቦቢን ሁሉ አንድ አይደለም። በጥቁሮቹ የእግር መኪናዎችና በብዙ የቤት መኪናዎች ውስጥ የሚገባው 15 ቁጥር የሚባለው ዓይነት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 11.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሁለቱም ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። 66 ቁጥር የሚባለው በስፋቱ ይመሳሰለዋል፤ ነገር ግን ፊቱ ጉልላት ያለው ሆኖ ያበጠ ነው። የፋብሪካ መኪና ቦቢን ደግሞ አጭር ነው፤ ቁመቱ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ገበያ ላይ ሦስቱም በአንድ ሣጥን ተደባልቀው ሊያገኙ ይችላሉ። አጭሩ ረጅሙ ቤት ውስጥ ሲገባ «ገባ» ይባላል እንጂ እየዘለለ ነው የሚዞረው፤ ክሩ አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል። ቦቢን ሊገዙ ሲሄዱ አሮጌውን በኪስዎ ይዘው ይሂዱ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ያወዳድሩ። የፕላስቲክ ቦቢን ይዞ የመጣ መኪና ላይ የብረት አያስገቡ፤ ክብደቱ የተለየ ነው።

ከዚያ ጠርዙን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ወይም ጉድጓድ ካለው ይጣሉት። ስንጥቁ ክሩን በየዙሩ ይይዘዋል፤ «አልፎ አልፎ እየጠበቀ ይበጠሳል» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ከዚህች ስንጥቅ ነው የሚመጣው።

አጠቃለሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ክሩን በጣት እየመሩ መጠቅለል የለመዱ ብዙ ናቸው፤ እኔ አልመክርም። ለጥቅለላ የተዘጋጀችው ትንሽ ማጥበቂያ አለች፤ ክሩ በእሷ በኩል ይለፍ። ቦቢኑ ባዶ ይሁን፤ በአሮጌ ክር ላይ አዲስ አይጠቅልሉ። የክሩን ጫፍ በቦቢኑ ጎን ባለችው ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ አውጥተው ጥቂት ዙር እስኪጠቀለል ይያዙት፤ ከዚያ ጫፉን ከሥሩ ይቁረጡት። በእግር መኪና ላይ ከመጀመርዎ በፊት በመዘውሩ መሐል ያለውን ክብ ማላያ ያላሉት፤ አለበለዚያ መርፌው ባዶውን ይወጣል ይወርዳል። በመካከለኛ ፍጥነት ይጠቅልሉ። ፖሊስተር ክር በኃይል ሲጠቀለል ይለጠጣል፤ ጨርቁ ላይ ከገባ በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ስፌቱን ይሰበስበዋል።

ጥሩ የተጠቀለለ ቦቢን ምን ይመስላል? በጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም። ከአንድ ጎን ተቆልሎ ከሌላው ጎን ጎድሎ አይታይም። እስከ ጠርዙም አይሞላም፤ ከጠርዙ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ይቀረዋል። ሙልት ያለ ቦቢን ቤቱን እየፋቀ ይዞራል። ላላ ብሎ የተጠቀለለውን «ይሁን፣ ሰፍቼ ልጨርሰው» አይበሉ፤ አውጥተው እንደገና ይጠቅልሉት።

ቦቢኑን በቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ

ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለ። በአንደኛው የብረት ቤቱ ከመኪናው ይወጣል፤ ቦቢኑ ውስጡ ይገባና ከጎን ወይም ከፊት ይገጠማል። በሁለተኛው ቦቢኑ ከመርፌው ፊት ባለው ክዳን ሥር ከላይ ይጣላል።

የሚወጣውን ቤት በግራ እጅ ክፍቱን ወደ ራስዎ አድርገው ይያዙ። ቦቢኑን ያስገቡ። ክሩን በጠርዙ ባለው ስንጥቅ አሳልፈው ከሞላዋ ሥር ይሳቡት፤ በሞላዋ ጫፍ ባለው መውጫ በኩል ብቅ ሲል ትንሽ «ቀጭ» የሚል ስሜት በጣትዎ ይሰማዎታል። ሞላ የምላት በብረት ቤቱ ጎን የተለጠፈችውን ቀጭን ብረት ነው፤ የታችኛውን ክር የምታጠብቀው እሷ ናት። ክሩ ከሥሯ ካልገባ ምንም አልያዘውም ማለት ነው። አሁን ክሩን ሲስቡት ቦቢኑ በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ መዞር አለበት። ከላይ በሚጣለው ዓይነት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል። የመኪናዎ መጽሐፍ ሌላ ካለ መጽሐፉን ይከተሉ።

ቤቱን ወደ መኪናው ሲመልሱ በጀርባው ያለውን ምላስ ከፍተው ይያዙ፤ ቤቱ መካከለኛው ዘንግ ላይ ገብቶ ጣት የመሰለችው የቤቱ ጫፍ በተዘጋጀላት ጎድጓዳ ውስጥ ትቀመጥ፤ ምላሱን ሲለቁ «ቀጭ» ይበል። ቀጭ ካላለ አልገባም። ያልገባ ቤት ላይ መርፌ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ልብ ያስደነግጣል፤ መርፌውም ይሰበራል።

የታችኛውን ክር ወደ ላይ ማውጣት

የላይኛውን ክር ጫፍ በግራ እጅ ላላ አድርገው ይያዙ፤ መዘውሩን ወደ ራስዎ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩ። መርፌው ወርዶ ሲወጣ የታችኛውን ክር ቀለበት ይዞት ይመጣል። ይሳቡትና ጫፉን ያውጡ። ሁለቱንም ክሮች ከእግሩ ሥር አሳልፈው አሥር ሣንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ያስተኙ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ስፌቶች እስኪሰፉ ጫፎቹን በጣት ይያዙ። ስፌት ሲጀምሩ ብቻ ክር የሚከመርብዎት ከሆነ፣ ሌላ ጥፋት አይፈልጉ፤ ምክንያቱ ጫፎቹን አለመያዝ ነው።

የታችኛው ክር ፈጽሞ አልወጣ ካለ መርፌው ተገልብጧል፣ ወይም እስከ ላይ አልተገፋም፣ ወይም ከቦቢኑ ያወጡት ጫፍ አጥሯል።

ስፌቱን ማንበብ

የስፌት ርዝመቱን 2.5 ላይ፣ የላይኛውን ማጥበቂያ ከ0 እስከ 9 ቁጥር ያለው ከሆነ 4 ላይ ያድርጉ። በድርብ አቡጀዴ ላይ አንድ ስንዝር ይስፉ። አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ ከላይም ከታችም ይዩት።

ከላይ ቀይ ብቻ፣ ከታች ሰማያዊ ብቻ ከታየ ተስተካክሏል፤ ቋጠሮው ጨርቁ መሐል ተደብቋል ማለት ነው።

ከታች ቀይ ቀለበቶች ከታዩ፣ ወይም ሰማያዊው ክር እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ተኝቶ በመርፌ ጫፍ ሲስቡት ተመዞ የሚወጣ ከሆነ፣ የላይኛው ላልቷል። ክሩን እንደገና ያስገቡ፤ ከዚያም ካልተስተካከለ ማጥበቂያውን በግማሽ ቁጥር እየጨመሩ ይሞክሩ።

ከላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከታዩ ደግሞ የላይኛው በዝቶ ጠብቋል፤ ወይም የታችኛው ከሞላዋ ሥር አልገባም። መጀመሪያ የቦቢኑን ቤት አውጥተው ክሩ ከሞላዋ ሥር መሆኑን ይዩ፤ ከሆነ የላይኛውን በግማሽ ቁጥር ይቀንሱ።

ጨርቁ ራሱ ተሸብሽቦ ስፌቱ ግን ከሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ሁለቱም ክሮች ጠብቀዋል። ስስ ጨርቅ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ቁጥር የሌላቸው የአሮጌ መኪናዎች ማጥበቂያ ላይ ከመንካትዎ በፊት የነበረበትን ቦታ በነጭ እርሳስ ምልክት ያድርጉበት። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለት ነገር አብረው ከለወጡ የትኛው እንዳዳነው አያውቁም።

ብናኝና አቧራ

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከከተማዋ ወጣ ብለው ከፍታው ላይ የተተከሉትን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ በረንዳችን ላይ ደግሞ አቧራ ይዞ ይገባል። በር ላይ ተቀምጠን ነው የምንሰፋው፤ ብርሃኑም ደንበኛውም እዚያ ነው። አቧራው ከጨርቅ ብናኝና ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ በመንጠቆው ዙሪያ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ «በዓመት አንዴ ይጸዳል» የሚለው ምክር ለእኛ አይሆንም። እኔ ሥራ በበዛበት ሰሞን ሁለትና ሦስት ቦቢን በጨረስኩ ቁጥር እቦርሻለሁ፤ በየሳምንቱ ደግሞ መንጠቆውን አውጥቼ እጠርጋለሁ። ሲመሽ መኪናውን በጨርቅ እሸፍነዋለሁ።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ነቅለው መርፌውን ወደ ላይ ያውጡ። የቦቢኑን ቤት ያውጡ። ቤቱ በሚወጣባቸው የቤት መኪናዎች ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ መያዣዎች አሉ፤ ወደ ውጭ ሲከፍቷቸው ክቡ ቀለበት ይወጣል፤ ከኋላው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መንጠቆ አለ። ከማውጣትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሁሉንም በብሩሽ ይጥረጉ። የብረት ሰሌዳውን ፈትተው ጨርቁን ከሥር በሚገፉት ጥርሶች መካከል የተጋገረውን ብናኝ በመርፌ ጫፍ ይፈንቅሉ፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ወፍራም ሱፍ ሆኖ ተቆርሶ ይወጣል። በመጨረሻ ከሞላዋ ሥር ቀጭን የወረቀት ጠርዝ አሳልፉ። እዚያ የተቀረቀረች አንዲት ብናኝ ሞላዋን ከፍ አድርጋ ክሩን ታላላዋለች፤ ሰውም ብሎኑ የላላ ይመስለዋል።

በአፍዎ አይንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት ነው፤ ብረቱን ያዝገዋል። ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም ብናኙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም።

መልሰው ከመግጠምዎ በፊት መንጠቆው በሚሽከረከርበት መስመር ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። አንድ ጠብታ ይበቃል። የምግብ ዘይት ፈጽሞ አያድርጉ፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ከላይ ቦቢን በሚጣልባቸው አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ዘይት አያስፈልግም፤ መጽሐፋቸው ይናገራል። ዘይት ካደረጉ በኋላ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይስፉ፤ የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ማየት ከባድ ነው።

ለእግር መኪና ብቻ

መብራት ሲጠፋ የማይቆመው መኪናችን አንድ ጠባይ አለው፤ ፔዳሉ በተሳሳተ ምት ከተረገጠ መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞራል። አንድ ዙር ወደ ኋላ ከዞረ መንጠቆው ክሩን ገልብጦ ይይዘዋል፤ ክሩ ይበጠሳል ወይም ይቆለፋል። ጀማሪው ይህን የቦቢን ችግር ይለዋል። ምትዎ እስኪስተካከል ክሩን አውጥተው፣ እግሩን አንስተው፣ መዘውሩን በቀኝ እጅ ወደ ራስዎ እያስጀመሩ በባዶ ይለማመዱ። ከታች ያለውን ጎማ ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው ችንጋ ከላላም መዘውሩ ይንሸራተታል፤ ያሳጥሩት።

አሁን ብሎኗ

ይህን ሁሉ አልፈው ስፌቱ አሁንም ካልተስተካከለ የቦቢን ቤቱ ብሎን ተራዋ ደርሷል።

በመጀመሪያ ይለኩ። ቦቢኑን ከነቤቱ በክሩ ጫፍ አንጠልጥለው ይያዙት፤ ሸረሪት በድሯ እንደምትንጠለጠል። ሳይነኩት በራሱ ክብደት እየተተረተረ ከወረደ ላልቷል። እጅዎን ወደ ላይ ነቅነቅ ሲያደርጉ ጥቂት ሣንቲ ሜትር ወርዶ ከቆመ ልክ ነው። ነቅንቀውም ንቅንቅ ካላለ ጠብቋል። ይህ መለኪያ የሚሠራው ለሚወጣው የብረት ቤት ነው። ከላይ የሚጣለው ዓይነት ካለዎት ክሩን በጣት ሲስቡት እኩል የሆነ ቀላል መያዝ ሊሰማዎት ይገባል፤ ከዚያ በላይ ለጀማሪ ብሎኑን እንዲነካ አልመክርም።

ሞላዋ ላይ ሁለት ብሎኖች ካሉ አንዷ ሞላዋን ከቤቱ ጋር የምትይዝ ናት፤ አይንኳት። ማስተካከያዋ ወደ ሞላዋ መሐል የምትጠጋው፣ ብዙ ጊዜ ተለቅ ያለችው ናት። ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይሥሩ፤ ከወደቀች የምትገኝ ብሎን አይደለችም። ወደ ቀኝ ማጥበቅ፣ ወደ ግራ ማላላት ነው። በአንድ ጊዜ የሚያዞሩት በሰዓት ፊት ላይ ከ12 ወደ 1 ያህል ብቻ ይሁን። ከዚያ ያንጠልጥሉ፤ ይስፉ፤ ያንብቡ። ሲስተካከል ለዚያ የክር ውፍረት ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ ጨርቅ ሲለዋወጥ የሚያስተካክሉት በላይኛው ማጥበቂያ ነው።

አሁንም ከተበጠሰ

የታችኛው ክር መበጠሱን ካልተወ ብረት እየቆረጠው ነው። መርፌው የሚወርድበትን የሰሌዳ ቀዳዳና የመንጠቆውን ጫፍ በቀጭን የናይለን ካልሲ ቁራጭ ይዳስሱ፤ ካልሲው የተያዘበት ቦታ ሹል ነው። የሰሌዳውን ቀዳዳ በጣም በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማለስለስ ይቻላል። የመንጠቆውን ጫፍ ግን ለመካኒክ ይተዉት፤ ከተሞረደ ቀለበቱን መያዝ ያቆማል፤ ሊለወጥ እንጂ ሊመለስ አይችልም።

በአዲስ መርፌ፣ በጸዳ መኪና፣ በትክክለኛ ቦቢን ስፌት የሚዘል ከሆነም የመርፌውና የመንጠቆው ሰዓት፣ ማለትም የሚገናኙበት ቅጽበት፣ ተዛብቷል፤ ያም የመካኒክ ሥራ ነው። ሲሄዱ መኪናውን ብቻ ይዘው አይሂዱ። ከላይ ቀይ ከታች ሰማያዊ ሆኖ የተሰፋውን አቡጀዴ፣ ሲሰፉበት የነበረውን መርፌና የቦቢን ቤቱን ከነቦቢኑ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ የትኞቹን ደረጃዎች እንደ ሞከሩም ይንገሩት።